አሥራ አንደኛው ዕጣ

አሥራ አንድ ነበርን፣ አሥራ አንድ ጥንድ እግር፣
ቀሃ ድልድይ ማዶ፣ ከአጣናው ቆርቆሮ በር።
በየሐሙስ ማታ ሦስት መቶ ብር ጥለን፣
ለባለ ተራው ሰው አንድ ጥንድ ጫማ ብለን፤
ዳኛችን ይታይሽ፣ የማልያችን ሰፊ፣
በአሮጌ ደብተሩ ፈረደ ጸሐፊ።

በመጀመሪያው ቀን እጄን ቆብ ውስጥ ሰደድሁ፤
«አሥራ አንድ» የምትለዋን ወረቀት ወሰድሁ።
«ኧረግ!» አለ አዛናው፣ «አንችስ እስኪደርስሽ ክረምቱ ይገባል!»
ሣቃቸው ድልድዩን ተሻግሮ ይሰማል።

ልናገር እንግዲህ፤
ቅዳሜ ገበያ ተደብቄ ወረድሁ።
«ኦርጅናል ነው እቴ፣ ምልክቱን እይው፣
ሶሉን እጠፊው፣ ደግሞም አሽትቺው!»
የውጭ አገር ስሙ ትርፍ ፊደል ነበረበት፤
እንዳላየሁ ሆኜ ገንዘብ ቆጠርሁበት።
ሁለት ሳምንት ሮጥሁ፣ በአዘዞ አስፋልት ላይ፣
ከሰው ተነጥዬ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሳልታይ።
ከጫማው አስቀድሞ ስሙ ተላጠ፤
ከዚያም ተረከዙ እንደ በሰለ ኮክ ፈረጠ።

በዚያው ሰሞን የአጣናው ጫማ ሰው ሰው ይዞር ነበር።

የፈረደ ሶል ጎሃ ዳገት ላይ ተገነጠለ፤
አንዱን ተጫምቶ፣ አንዱን አንጠልጥሎ፣
እያነከሰ መጣና «እንካ ጫማህን!» አለ።
አጣናው ዝም ብሎ በቢላ ከፈተው፣
ሆዱን እንደ ዓሣ ለሁላችን አሳየው፤
«ሙጫው ሳይደርቅ ነው። የቸኮልሁ እኔ ነኝ። ጻፈው።»
ፈረደም ጻፈው።

ይታይሽ ተረከዟ ደማ፤ ስፌቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ወጣ።
የአዛናው ትንሿ ጣት ጠበባት፤
ቅርጹ ሰፋላት በግማሽ ጣት።
ፈንታዬ ከሆስፒታል፣ ከሌሊት ተራ እንደ ወጣች፣
«ለሩጫስ ደህና ነው፤ ለመቆም ከበደኝ» ብላ አማረረች፤
አንድ ንብር ጎማ ተነሣላትና ደብተሩ ላይ ገባች።
ሳሙና በር እንደ ስሙ ነው፣ ዝናብ ሲነካው፤
ላቀው በጀርባው ከወረደ ወዲህ ነው ጫማው ጥርስ ያበቀለው።

ስምንተኛው ሐሙስ ከፒያሳ አንድ ነጋዴ መጣ፣
ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ብር እያወጣ።
«ሁለት መቶ ጥንድ እወስዳለሁ።
ጎኑ ላይ ግን ያን የታወቀውን ምልክት ስፋበት፤
ስም የሌለው ጫማ ማን ይገዛል፣ ከቆርቆሮ ቤት?»
አጣናው መልስ የለው። የሦስት ወር ኪራይ አለበት፣ እናውቃለን።
ወስፌውን በጸጉሩ አሸት አሸት ያደርጋል፤ እኛ መሬት መሬት እናያለን።
ኋላ ቀና ብሎ፣
«ተራዋ ያልደረሰ አንዲት ልጅ አለችኝ» አለው።
ሰውዬው ሣቀ። ጢሱን ትቶልን ሄደ።

አሥራ አንደኛው ሐሙስ፤ ቆርቆሮው በዝናብ ይጮሃል።
ጫማዬን አወጣው፤ ጎኑ ባዶ ነው፣ ቆዳና ቤንዚን ይሸታል።
እግሬን ሰደድሁ፤
ተረከዜ ይታይሽ በደማችበት በኩል በሰላም አለፈ፣
ትንሿ ጣቴ የአዛናውን ቦታ አገኘች።
አሥር ሰው ቀድሞኝ የታመመውን
እኔ ሳልታመም ተጫማሁት፤
ኋለኛ ሆንሁ ብዬ የተናደድሁትን ያን ሌሊት አሰብሁት።

«ማሰሪያ አለቀብኝ» አለ አጣናው፣ ዓይኔን ሳያይ፤
«ያ የቅዳሜ ገበያው… ክሩ ጥሩ ነበር።
ነገ ይዘሽው ነይ።»

ሁሉም ያውቁ ኖሯል። አንድ ሰው አልጠየቀኝም።

አሁን ጎሃን ስንወጣ የመንገድ ዳር ልጆች
«ጫማው ኦርጅናል ነው?» እያሉ ይከተሉናል፤
ትንፋሽ አጥሮን፣ መልስ ሳናገኝ፣ ዳገቱ ያልቃል።
ከሁሉ የሚያብረቀርቀው የኔ ማሰሪያ ነው።
እሱንም ፈረደ ደብተሩ ላይ አስፍሮታል፦
«ማሰሪያ፣ ከትርንጎ። እስካሁን አልተበጠሰም።»