ወደ ትንሹ ጠጋ ብሎ

መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ፤ ደምበጫ በሻማ ታመሻለች፣
የአሥራ አንደኛ «ቢ» ፈተና ጠረጴዛዬን ሞልታለች።
ሻማዋን በአምቦ ውሃ ቆርኪ ላይ አቅልጬ አቆምኳት፣
ቀይ እስክሪብቶዬን ፈልጌ ከጆሮዬ ላይ አገኘኋት።

ጥያቄው አጭር ነው፤ ሰኞ ዕለት በጠመኔ የጻፍኩት፣
አቧራው ከእጅጌዬ ያልለቀቀ፣ ሁለቴ ያራገፍኩት፦
በግራ በኩል ፖዘቲቭ ሦስት፣
በቀኝ በኩል ኔጋቲቭ አንድ፣
በመሀላቸው ስምንት ሴንቲሜትር፤
ፖቴንሻሉ ዜሮ የሚሆነው የት ላይ ነው? አሳዩ በቁጥር።

ግማሹ ክፍል «አራት» ብሏል፣ መስመሩን እኩል አጥፎ፣
መሀሉ ላይ ነጥብ አኑሮ፣ ቀስት በቀስት አሰልፎ።
ባንቻምላክ ግን ስሌት የላትም፤
«መሀል ነው» ብላ ጀምራ ሰርዛዋለች፣
ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት ይህን አክላለች፦

«መምህር፣ አባቴ በወሰን የተካሰሰ ጊዜ
ሽማግሌዎቹ ልክ መሀል ላይ ተቀመጡ።
ያኛው ባለ ስድስት ጥማድ ነው፤ ሳል እንኳ ሲስል ይሰማል።
የአባቴ ድምፅ ግን እነሱ ጋ አልደረሰም።
ስለዚህ ወደ ትንሹ መጠጋት አለበት።
በስንት? እሱን አላወቅሁም።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።

ሦስት ሲካፈል ለስድስት፣ አንድ ሲካፈል ለሁለት፣
ግማሽ በግማሽ ይጣፋል፣ አይተርፍም አንዲት ክብደት።
ከትልቁ ስድስት ርቆ፣ ከትንሹ በሁለት ቀርቦ፣
ይኸው ዜሮው ተቀምጧል ሁለቱን እኩል ታዝቦ።

ሌላም አለ። ማንም አልጻፈው፣ እኔም ለእርማት ስዘጋጅ የዘነጋሁት፣
ከትንሹ ወዲያ ማዶ፣ በአራት ሴንቲ፣ አሁን ገና ያገኘሁት፦
ሦስት ለአሥራ ሁለት፣ አንድ ለአራት፤ ይኸው ሩብ ከሩብ ገጠመ።
ከትልቁ ጀርባስ? ፈለግሁ። ወረቀቱን አዙሬ ፈለግሁ።
ከትልቁ ጀርባ የለም።

ግን ባንቻምላክ፣ ነገ የምነግርሽ ገና አለ፣
ዜሮ ተገኘ ማለት ግፊያ ቆመ ማለት አይደለ።
እዚያች ነጥብ ላይ ፖዘቲቭ ቅንጣት ብታኖሪ፣
ትልቁ ከኋላ ይገፋታል፣ ትንሹ ከፊት ይስባታል፤
ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ፤ ማን ቁሚ ይላታል?
ልኩን ቦታ ያገኘ ሽማግሌም
ወንበሩ ከሥሩ እንደሸሸ ነው።

በመስኮት አያለሁ፤ ከአውራ ጎዳናው በላይ
ሽቦው ሁሉ ዛሬ እኩል ነው፤ ልዩነት የለም፣ አይፈስም፣
ወፍጮ ቤቱም ዝም ብሏል፣ የሚያስፈጭ ሰው አይደርስም።
ይህም ዜሮ ነው፤ ግን ማንንም አላስታረቀም።

ከአምስት ሁለት ሰጠኋት። ሰረዝኩት። ሦስት አልኩ።
«ስሌቱን ነገ ሰሌዳ ላይ ታሳዪናለሽ» ብዬ ጻፍኩ።
ሻማዋ ቆርኪው ላይ ደርሳ መንተፍተፍ ስትጀምር
ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፣ ነጥብ የሌለው፦
የወሰኑን ድንጋይ በመጨረሻ የት ላይ ተከሉት?