እሪ በከንቱ

የግንቦት ሐሙስ ነው። መስኮቴ የሚያየው የቸርችልን መንገድ፤
ሦስት ወንበር አለኝ፣ አንዱ የሚንገዳገድ።
እሱን እኔ እይዛለሁ፤ ለመጣ ቤተሰብ
ወላጋ ወንበር መስጠት አይታሰብ።

ትርፌና ድንበሩ ከእሪ በከንቱ መጡ፣
ክንድ ለክንድ ተነካክተው፣ ሳይተያዩ ተቀመጡ።
ኤልዳና መሃል ናት፤ ሁለት ዓመት ካምስት ወር።
ጓንት ነፍቼ ሰጠኋት፣
ባለ አምስት ጣት ፊኛ፤ ታወራዋለች በምስጢር።

ድንበሩ ፒያሳ ጥግ ሞባይል ይጠግናል፣
የሞተ ስልክ ከፍቶ ትንፋሹን ይመልሳል።
በከተራ ማታ ልጁን ፎቶ ሲያነሳ፣ ፍላሹ ሲበራ፣
ግራ ዓይኗ ነጭ ሆኖ እንደ ድመት አበራ።
ሌንሱን ወለወለው።
ደግሞ አነሳት።
ሌንሱን ነቅሎ ጣለና ሌላ ገጠመለት።
አራት ወር አለፈ
ካሜራው ሲታማ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሟ በጥድፊያ የተናገረችውን
ቁጭ ብዬ መድገም፣ የፈሰሰውን ቃል መልቀም ነው ሥራዬ።
"እናንተ ሰፈር" አልኩ፣ "ሰው ሰውን ሲወድ ምን ብሎ ይምላል?"
"እኔ ልሙት!" አለች ትርፌ፣ ሳታስበው።
"ይላል እንጂ አይሞትም፤ በማግስቱ ሽንኩርት ሊገዛ ይወጣል።
ሴል ግን የምሩን ነው።
ያረጀው፣ ውስጡ የተሰበረው፣ ፊደሉ የተሳሳተው፣
'ይበቃሃል' የሚል መልእክት ከጎረቤት ሲደርሰው
አይጮህም፣ አይሟገትም።
እንደ ጨዋ ተከራይ ቤቱን ጠራርጎ፣ ዕቃውን በትንሽ በትንሹ ቋጥሮ፣
ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል፣ ግድግዳውን አክብሮ።
አሁን፣ እኛ ስናወራ፣ በእናንተም በእኔም ገላ
ስንቱ 'እኔ ልሙት' ብሎ ሄደ፣ ሌላው እንዲኖር በኋላ።"

"ዕጢውስ?" አለች።
"ዕጢው ያልሰማው ነው። መልእክቱ ይደርሳል፣ በሩን ያንኳኳል፤
ከበር ወደ ጓዳ የሚያደርሰው መልእክተኛ ግን ተኝቷል።
ሙት ሲሉት ይበዛል።"
ድንበሩ ቀና አለ፤ ከገባ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው፦
"ኔትወርክ አለ ማለት ነው። ስልኩ ነው የማይቀበለው።"
"አዎ" አልኩት፤ "መድኃኒቱም ሌላ አይደለም፣
በሌላ መስመር መደወል ነው።"
ትርፌ ድንገት ሳቀች፣ ዕንባዋ ሳይደርቅ፦
"ታዲያ የኛው ሰፈር ሰው ነው በይኛ!
እሪ ቢሉት የማያውቅ!"

ከዚያ የፈራሁት መጣ። "ከማን ዘር ነው?"
አማቷ "በእኛ ወገን ዕውር የለም" ብለዋል፣
ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ወደ ጉሮሮዋ ተመልሷል።
ወንበሬ ተንገዳገደ። እግሬን አጠበቅኩ።
"ከአንዳችሁ ሊሆን ይችላል፣ ከማንም ላይሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታያል።
ጥፋት ግን የለበትም። መጽሐፍ ሲገለበጥ አንድ ሆሄ ይዘላል፤
ጸሐፊው አልሰከረም፣ ብርዑም አልጎበጠም፤
ዝም ብሎ ይዘላል።"

ሆዷን አየሁ። ሰባት ወር።
"ይኼኛው ሲወለድ" አልኩ፣ "በሳምንቱ አምጡት፣
ፎቶ አትጠብቁ።"
ዝም አሉ። እጇ ወደ ሆዷ ሄደ፤
የሱ እጅ ተከትሎ ሄደና ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

"አራት ወር" አለ ድንበሩ። ደገመው። "አራት ወር ሙሉ ሌንስ ስወለውል!"
የምመልሰው ነበረኝ፣ ሥልጠና ላይ የጻፍኩት፣ በሰማያዊ ደብተር።
ተውኩት። ውኃ ቀዳሁለት።
ኤልዳና ጓንቱን ወደ ጥሩው ዓይኗ አስጠግታ፣
"አንተ ሙት!" ትለዋለች፤ ከእናቷ የወረሰችው መሐላ፣
አንዱን ጣቱን ስማ፣ ሌላውን ነክሳ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር።
በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁት።
ሃሎ አልኩ። ቆየ። ከጀርባው የታክሲ ረዳት ይጣራል፣
"አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! ሁለት ሰው!"
"ያ የማክሰኞው ቀጠሮ" አለ፤
"እኔ ነኝ የማመጣት።"