ግርድ

ከፊራ ቅስቱ ሥር፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣
ወዚራ ትለቅማለች፣ ፍሬ ከግርድ መርጣ።
ያማረው ለጣሳ፣ ጣሳው ለገበያ፤
የተኮማተረው ለቤት፣ ለልጆች ማባያ።

ዘንድሮ ዝናቡ ባቢሌን ረስቶ፣
ቅርፊቱ አፈር ውስጥ በጥማት ተከፍቶ፣
ፀጉር በምታህል፣ ዓይን በማያያት ስንጥቅ
ሻጋታው ዘለቀ፣ ደጅ ሳይጠና፣ ሳይጠይቅ።

እኔ ሳቢያን ሆኜ፣ መጋረጃ ዘግቼ፣
አንድ እፍኝ ግርዷን ከመብራት ሥር አስጥቼ
አየሁት ሲያበራ። ያምር ነበር፤ ምን ልዋሽ።

ኢንዛይም እንለዋለን፦ እጅ የሌለው ሠሪ፣
ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ቀን ከሌት ታታሪ።
አንዱ ከኮምጣጤ ዘር ክር እየቀጠለ፣
ሌላው ክሩን አጥፎ ቀለበት እያከለ፣
ከሃያ የሚበልጡ፣ ጡብ እንደሚቀባበል
የግንበኛ ሰልፍ፣ «እንካ» «ያዝ» ሳይባባል፣
ገንብተው ጨረሱ፤ አፍላቶክሲን ስሙ።
ክፋት የለባቸውም። ሥራቸው ነው።

«ጨረሱ» ማለቴ ነው ስሕተቱ፤ አልጨረሱም፦
የመጨረሻዋን ጡብ ሻጋታ አያኖራትም።
የሚያኖራት ጉበት ነው፤ የኛው ኢንዛይም መጥቶ፣
ቤት ልጥረግ ሲል፣ ለመርዙ ስለት አውጥቶ።

ማታ ሄድኩ ልነግራት። «ቆልቼዋለሁ» አለች፣
«እሳት የነካው ምን ይሆናል?» ብላ ሳቀች።
እሳት እንደማይሽረው ልነግራት ስከፍት አፌን፣
ከጣሳው ዘግና ሞላችው መዳፌን፦
ከፍሬው፣ ከምርጡ።

ከጆንያው ጀርባ ትንሹ ልጇ ያየኛል፣
እያኘከ።