ከሊግ ውጪ

ቅዳሜ ማለዳ፣ በመርል ፀጉር ቤት፣
ሊንከን ከተማ ላይ፣ ከስታዲየሙ ፊት፣
ኦርቪልና ዳሪል ሚዛን ሰቅለዋል፤
አንዱ የጫነውን ሌላው ያራግፋል።

«የእናንተ ሊግ» ይላል ኦርቪል፣ በአረፋው ውስጥ ሆኖ፣
«መስከረም በጠባ ደካማ ለምኖ፣
ከፍሎ ያስመጣና ስድሳ ነጥብ አግብቶ
ጀግና ነኝ ይለናል፣ ጭድ ከምሮ ወግቶ።»

ዳሪል ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፦
«እስቲ ቁጠር በላ፣ ማን ከማን ጋር ወጣ?
ሦስት ኃያል ገጥመን በሁለቱ ወደቅን፤
ሽንፈትም ይመዘን! ማን ነው የጣለን?»

የመርል ምላጭ ቆመ።

«ያ ደካማ ያልከው፣ ስሙን የማታውቀው፣
የእህቴ ልጅ ቡድን ነው።
አሥር ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተኝቶ፣
አምና እዚሁ ሜዳ ላይ አጥንቱን አስመትቶ፣
በሽንፈቱ ዋጋ የኮሌጁ ጣራ
ማፍሰሱን ተወ፣ በአዲስ ተሠራ።
ስድሳ ሁለት ለስድስት።
ስድስቷ የእሱ ናት።»

ማራገቢያው ዞረ።
ኦርቪል ጉሮሮውን ለምላጩ ሰጠ፤
ዳሪል ወረቀቱን ቀስ ብሎ ገለበጠ፤
«ስሙን ንገረና…
የልጁን… የኮሌጁን…»
እርሳሱን በምራቁ አርሶ ጠበቀ።