በአሸዋው ላይ የቀሩት ዓሦች

አባቴ ዓሣ አጥማጅ፣ ስሙ ኡሴፕ ነበር፣
ማላባር ዳርቻ፣ ከባሕሩ ድንበር።
እኔ ልጁ ትሬሳ፣ ኮቺ ከተማ ላይ
በባንክ ቤት ወንበር የሰው ዕዳ የማይ፣
ሲሞት ደብተሩን ነው የወረስኩት ከሱ፤
ጠርዙን ጨው የበላው፣ ክሩ የላላ ልብሱ።

ደብተሩን ገለጥሁት እንደ ሥራ ልማዴ፣
ዕዳውን ከገቢው ልለይ በየዘዴ።
«ለክሌመንት ሚስት ሰርዲን ሁለት ቅርጫት፤
ልጇ ታሟልና ዋጋ አልጠየቅኋት።»
«ሩፒ ሦስት መቶ፣ ለሞተር ጥገና፤
መልሶ ተሰብሯል፣ ጌታ ይመስገና።»
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ገጽ በገጽ ደመርኩ፤
ከዜሮ በታች ነው፤ ደግሜ ቆጠርኩ።
ደንበኛዬ ቢሆን፣ ብድር ቢጠይቀኝ፣
እንቢ ለማለት ቅንጣት አይጨንቀኝ።
መንደሩ «ያልቀናው ኡሴፕ» ብሎ ሲጠራ፣
ስኬት ድምር ነው ብዬ እኔም ፈረድኩ በጋራ።

አንድ ጥያቄ ነበረው፣ ከልጅነት ያመጣው፣
ካህን በመጣ ቁጥር ከአፉ የማይታጣው፦
«ጴጥሮስ ሌሊት ደክሞ ባዶውን ቢመለስ፣
በቃሉ ጣለና መረቡ እስኪበጠስ
ሞላለት። ያን ያህል ሲሳይ በዕድሜው አላየ፤
ያንኑ ቀን ደግሞ ከጀልባው ተለየ።
ሁሉን ትቶ ሄደ። እሺ፣ ይሂድ፣ ይሁን፤
ዓሣውስ? ማን ወሰደው፣ ያን ሁሉ ክምሩን?»

አባ ሌዮን ሳቁና፣ «ኡሴፕ፣ ወንጌሉ
ስለ ዓሣው አይደለም፤ ስለ ሰው ነው ቃሉ።»
«ለእርስዎ ነዋ! እኔ ግን ዓሣ ነው የማውቀው፤
በጊዜ ካላነሡት ፀሐይ ነው የሚነጥቀው።
መቼም አንዷ ድሃ፣ የቅፍርናሆም ሴት፣
በቀሚሷ ታቅፋ ገብታለች ወደ ቤት።»

የዝናቡ ወር ነው፣ ማዕበል የሚጮኽበት፤
«ቻካራ» ይባላል፣ ጭቃው ያረፈበት፣
በባሕሩ ሆድ ላይ ጸጥታ ያለበት፣
ዓሣ እንደ ሠርገኛ ተግተልትሎ የሚገባበት።
ያን ቀን የአባቴ ጀልባ እስከ አፏ ሞላች፤
ከዳር ላይ እናቴ በጣቷ አሰላች፦
የጣራው፣ የሞተሩ፣ የእኔ ትምህርት ክፍያ፣
በአንድ ጀምበር ሊያልቅ ነው፤ ይድረስ ብቻ ገበያ።

ጨረታው ተጀምሮ ዋጋው ገና ሲወጣ፣
ፊሎሚና ጮኸች፦ «አንታፓን አልመጣ!»

አባቴና አንታፓን አይነጋገሩም፤
ጥሉ በመረብ ነው፤ ለዕርቅም አልተጠሩም።
የጫነች ጀልባ ደግሞ ማዕበል አትገፋም፤
ሸጦ ለማራገፍ ሰዓቱ አይሰፋም።
አካፋ አነሣና ዓሣውን አሸዋ ላይ
ዘረገፈው፤ ብር ነው፣ በደመናም ሲታይ።
እናቴ አለቀሰች። እሱ ሞተር ጎተተ፤
ከሦስት ጓዶቹ ጋር ከጭቃው ማዶ ዋተተ።
ሲመለስ ጨልሟል። ይዞት የተመለሰው
አንድ መቅዘፊያ ነው፤ አልነበረም ሰው።

ስብከት ቢሆን ኖሮ ሰውየው በዳነ፤
ዓሣውም በማግሥቱ በእጥፍ በሆነ።
አልሆነም። ሞተሩ ጭራሽ ተቃጠለ፤
ዕዳው በዚያው ሳምንት ወለድ አስከተለ።
እኔም ከትምህርት ቤት ቀረሁ ለአንድ ዓመት፤
ተቆጥቼዋለሁ፣ ልንገራችሁ በእውነት።

የዚያን ጥያቄ መልስ እኔ ነኝ ያየሁት፣
በዘጠኝ ዓመቴ፣ በዓይኔ የለየሁት፦
ነጋዴው አልነካም፤ አፍሮ ዞር አለ፤
ማን ይግዛው፣ ባለቤቱ ባሕር ላይ ካለ?
መጡ የመንደሩ ሴቶች፣ አሮጊት፣ ነፍሰ ጡር፣
ያቺ የክሌመንት ሚስት፣ ደግሞም አንድ ዕውር፤
በቀሚስ፣ በባልዲ፣ በክንዳቸው ታቀፉ፤
ሳይጣሉ፣ ሳይጮኹ፣ ዝም ብለው አለፉ።
ያን ማታ በመንደሩ ባዶ ድስት አልነበረ፤
የፊሎሚና ብቻ ሳይነካ አደረ።

ለአባቴ አልነገርኩም፤ በቂም ያዝኩት፣ ዋጥኩት፤
ሲጠይቅ እየሰማሁ መልሱን ከለከልኩት።

ዛሬ ያንን ቀን በደብተሩ ፈለግሁ፤
ስንት ብሎ ጻፈ ኪሳራውን? ጓጓሁ።
ቁጥር የለም፤ ቀኑ ብቻ ነው። ከሥሩ
አንዲት ቃል በእርሳስ፣ ደብዝዛ በመሥመሩ፦
«ሄድን።»

እስክሪብቶዬን ያዝኩ። ከገቢው ዓምድ ሥር፣
ባዶ በተወው ቦታ፣ የዘገየ ምስክር፣
«ሴቶቹ፣ አባዬ፣» ብዬ ጻፍኩለት፤
«የክሌመንት ሚስት፣ በቀሚሷ፣ ወደ ቤት።»