የኋላ ማርሽ

ጀልባ ሰው ይሸከማል ብለው ያስተማሩኝ፣
ሰው ጀልባ ሲጎትት ምነው ያልነገሩኝ?

ከጋርላንድ ስንወጣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
የፊቴን ትቼ እኔ በመስታወት ሳያት፣
ዌኮ አለፈን፣ ካሜሮን አለፈን፣ ጊዲንግስ ላይ ነጋ፣
አንድ ጠፍር አስሮን፣ እሷ ከእኔ፣ እኔ ከእሷ ጋ።

በየሰባ ማይሉ ቆሜ እየወረድሁ፣
እንደታመመ ልጅ ግንባር
የጎማዋን እምብርት በመዳፌ ዳሰስሁ፤
ኩሽኔታው ይሞቃል፤ አይነድም፤ ደህና ነው።
«የእኔን ግንባር» አለች ብርነሽ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣
«መቼ ነው የነካኸው?»

«እዚያው ተከራይ እንጂ» ብሎኝ ነበር ወንድሟ ሽመክት፣
«ለሦስት ቀን ባሕር፣ አራት መቶ ማይል ብረት መጎተት!»
እውነቱን ነው። ነዳጁ፣ ጎማው፣ የዓሣ ፈቃዱ፣
ሲደመር ሦስት ሙክት ይገዛል፤ ይኸው ነው ጉዱ።
ግን እኔ ነኝ የለጠፍኋት፣ ስንጥቋን የደፈንሁ፣
ሞተሯን በክረምት፣ ጋራዥ ውስጥ ፈትቼ የገጠምሁ፤
በሰው ጀልባ ተቀምጬ ትልቅ ዓሣ ባወጣ፣
«ማነው ያወጣው?» ቢሉኝ ምን መልስ ላመጣ?

ሮክፖርት ደረስን ረፋድ ላይ። ከንፈር ሲላስ ጨው ጨው፣
በየምሰሶው አንድ ሻላ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ ዳኛ ነው።
ማውረጃው ቁልቁለት። ከኋላችን ስድስት መኪና።
የኋላ ማርሽ አስገባሁ።
ግራ ስላት ወደ ቀኝ፣ ቀኝ ስላት ወደ ግራ፤
ቀን ሙሉ የተከተለችኝ፣ ልትመራኝ ስትል ተጣላች ከእኔ ጋራ።
እንደ መቀስ ተጣጠፍን።
«አዙር!» «ወዴት?» «ወደዚያ!» «የቱ ነው ወደዚያ?»
ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር፣
እንዲህ ተጯጩኸን አናውቅም፣ ሰው ፊት፣ በዚህ ሁሉ ገበያ።

«ውረድ» አለች። አንድ ቃል። ወረድሁ።
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ዘዋሪ መሆኗን እንዴት ረሳሁ?
ሰባ ሕፃን ጭና፣ በጠባብ ግቢ፣ በዝናብ፣
ወደ ኋላ የምታስገባ፣ ሳይደነግጥ ያንድ ልጅ ልብ።
መሪውን ከሥሩ ያዘች፣ በአንድ እጅ፤
«ከላይ ስትይዘው ይገለበጥብሃል፤ ከታች ነው እንጅ።»
ጀልባዋ ቀጥ ብላ፣ እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ፣
ገባች ወደ ባሕሩ፣ አንድ ቦታ ሳትጎዳ።

ሴሌስቲኖ የሚሉት፣ የቦታው ሽማግሌ፣
ለእሷ ባርኔጣ አነሳ። እኔን ግን ዝቅ ብሎ
«ቡሹስ? ቡሹን አስገባኸው?» ሲል ጠየቀ፤
እጄ ኪሴ ገባ፣ ልቤ ወለቀ።
እንዳልረሳው ብዬ ኪሴ ያስቀመጥሁት፣
አራት መቶ ማይል በጭኔ ያሞቅሁት!
ሐይቅ ያደገች ጀልባ፣ ባሕርን ያላየች፣
እኛ ሳንቀምሰው እሷ ቀድማ ጠጣች።

በበረዶ ሳጥን ክዳን ቀድተን ቀድተን፣
ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከሣሩ ዳር ደረስን።
አንድ ቀይ ዓሣ ያዘች፣ ጅራቱ ላይ ጥቁር ነጥብ፤
አሥራ ዘጠኝ ኢንች ተኩል።
ሕጉ ሃያ ይላል። አየችው፣ አየኝ፣
ለቀቀችው።
እኔ? እኔ ምንም።

ማታ ከሞቴሉ ጀርባ፣ በጎማ ቱቦ፣ በንጹሕ ውሃ፣
አጠብኋት ጀልባዬን፣ ከሆዷ እስከ ኩሽኔታዋ።
ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጣል፤ ብረት ግን ይበላል።
ከዚያ በባዶው መኪና ማቆሚያ፣ በሁለት ባልዲ መካከል፣
ብርነሽ መንገድ ታሳየኝ ጀመር፣ ጫማዋን አውልቃ።
አንዱን ባልዲ ገጨሁት። ሁለተኛውን አልነካሁም።

ሲመሽ፣ ደረጃው ላይ፣ ግንባሯን ዳሰስሁ፤
አሸዋ። ፀሐይ። ጨው።
«ይሞቃል?» አለች።
«ይሞቃል። አይነድም። ደህና ነው።»