የሻካራ ልክ

ቫልዲቪያ ላይ ሰኔ ዝናብ ነው፣ ሐምሌም ዝናብ፤
መስኮቱ ያለቅሳል፣ እኔ ሥዕል ሳነብ።
ከአውሮፕላን ሆድ የተነሣ ፎቶ፣ እስከ ገደፉ
አረንጓዴ ሞልቶት፤ የት እንደጀመሩ፣ የት እንዳረፉ
ዛፎቹ አይለዩም።

ቀለሙን ብጠይቅ፣ «አንድ ነኝ» ይለኛል፤
ብርሃኑን ብመዝን፣ እኩል ይሆንብኛል።
አንደኛው ባሕር ዛፍ ነው፣ ኩባንያው በገመድ ለክቶ የተከለው፤
አንደኛው የጥንት ጫካ፣ ማንም ያልተከለው።
ከላይ ሲታዩ ግን ልብሳቸው አንድ ነው።

ስለዚህ ሳጥን እጥልበታለሁ፣ እንደ መረብ።
በትልቁ እሸፍንና እቆጥራለሁ፤
ለሁለት ከፍዬ ደግሞ እቆጥራለሁ፤
ደግሞ ለሁለት፣ ደግሞ፣
ዓይኔ እስኪቀላ።
ልሙጥ ነገር ቶሎ ያልቅበታል፤ ብትቀርበውም ያው ነው።
ሻካራው ግን በቀረብከው ቁጥር
በጉድባው ውስጥ ጉድባ፣ በጥላው ውስጥ ጥላ፣
ልጁ አባቱን መስሎ፣ የልጅ ልጁም ሌላ
አባቱን የሚመስል ልጅ አዝሎ።

ሁለት ነጥብ አንድ፦ ተክል።
ሁለት ነጥብ ስድስት፦ ጫካ።
በሁለትና በሦስት መሐል፣ ገጽም ግዝፈትም ባልሆነ ሥፍራ፣
በክፍልፋይ ቋንቋ ዛፍ ስሙን ሲጠራ
እሰማለሁ። እንጀራዬ ይኸው ነው።

ሐሙስ ዕለት ግን ቁራሽ አሥራ ሰባት፣
መዝገቡ «ባሕር ዛፍ» ብሎ የጻፈባት፣
ሁለት ነጥብ ስድስት አለችኝ።
ቀመሩን ፈተሽኩ። እንደገና ቆጠርኩ።
ሁለት ነጥብ ስድስት፤ ንቅንቅ አላለችም።
«ስሕተት ነው፤ አርሚው» አለኝ ባስቲዳስ
ካፖርቱን እየደረበ።

ማታ ለአጎቴ ለኤሌውቴሪዮ አወራሁት፤
በጎልማሳነቱ ለዚያው ኩባንያ በቀን ሒሳብ ችግኝ ተካይ ነበር።
ሳቀ፤ ጥርሱ ካለቀ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁም።
«አሥራ ሰባት? ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቷ?
ገመድ ሰጡን፤ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር አሉን።
የኡልሞውን ጉቶ ንቀሉ፣ የኮይዌውን ንቀሉ አሉን።
አፈር አለበስነው እንጂ አልነቀልነውም።
የባሕር ዛፉን ችግኝ ደግሞ፣ ሥሩን በጥሰን
በመስመር በመስመር ቀበርነው።
ሙት መትከል ማን ከለከለን?
ማን ጎንበስ ብሎ ያያል? ከላይ ሲያዩት
ያው አረንጓዴ ነው ብለን…»
ከዚያ ሳቁ ቆመ።
«ያንቺ ማሽን ይህን ይናገራል እንዴ?»

እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር።
መሐል እጁ ላይ ስንጥቅ፣ ስንጥቁ ላይ ስንጥቅ፤
የቱ ሳጥን ይበቃዋል ብዬ
ሳላስበው መክፈል ጀመርኩ።

«ቁጥር ብቻ ነው የሚናገረው፣» አልኩት፤ «ስም አያውቅም።»

ዓርብ ጠዋት ባስቲዳስ ሳይገባ
«አልተሳሳተም፤ ጫካ ነው» ብዬ ጻፍኩ።
ቅጹ ቀጥሎ ምክንያት ይጠይቃል፣
ሁለት መስመር ትቶ።
ተውኩለት።
ዝናቡ አሁንም መስታወቱ ላይ
ቀጥ ያለ መንገድ አጥቶ ይወርዳል።